ሦስት አፍ ያለው ቫልቭ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ደሞዝም አይደለም። ስለ ቧንቧ ነው። አዎ፣ ስለ ቧንቧ።

በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ግን የት ይጠቅመናል?» ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሰነፉ ተማሪ አይደለም፣ ነቃ ያለው ነው። የሚጠይቀውም የሙቀት መስፋፋት ወይም ሞመንት ላይ ስንደርስ ነው። እኔም «ለድልድይ፣ ለባቡር ሐዲድ» ብዬ መጽሐፉ ላይ ያለውን እመልሳለሁ። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ባቡር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ምን ይለዋል?

ዘንድሮ የተሻለ መልስ አገኘሁ። ያመጣችልኝ ደግሞ ከዓመታት በፊት ያንን ጥያቄ ራሷ ትጠይቅ የነበረች ልጅ ናት። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና መሥሪያ ቤቷን ግን አልጠቅስም። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምራ አሁን ገልፍ ውስጥ አንድ የዲዛይን ቢሮ ትሠራለች። ሥራዋ «የቧንቧ ስትረስ ትንተና» ይባላል። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ቧንቧም ስትረስ አለበት እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አለበት! እንዲያውም ከእኛ የባሰ።

መጀመሪያ እሱን ላስረዳ፤ ያለዚያ ቀጥሎ ያለው አይገባም።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ተራ የቧንቧ ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ ላይ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይጨምራል። ትንሽ ነው አይደል? 10 ሜትር ቧንቧ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የጣት ውፍረት እንኳን አይሞላም። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትላላችሁ። ችግሩ የሚመጣው እንዳይረዝም ሁለቱን ጫፍ ስትይዙት ነው። ያኔ ውስጡ የሚፈጠረው ስትረስ 240 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ይደርሳል። ባለ 4 ኢንች መደበኛ ቧንቧ (ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ) ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ነገር የሚገፋበት ኃይል ወደ 490 ሺህ ኒውተን ነው። በገበያ ቋንቋ ወደ 50 ቶን። ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ማለት ነው። ወይ የያዘውን ይገፋዋል፣ ወይ ራሱ ይጎብጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ኃይል በርዝመቱ ላይ አይመሠረትም። 1 ሜትርም ይሁን 100 ሜትር፣ ሁለቱን ጫፍ ፍጹም ከያዛችሁት ስትረሱ ያው ነው።

ለዚህ ነው ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የእንፋሎት ቧንቧ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ወደ ላይ ወጥቶ፣ ትንሽ ሄዶ፣ ተመልሶ የሚወርደው። ልክ «በ» የሚለውን ፊደል ይመስላል። ልጅ ሆኜ ሠራተኞቹ መኪና እንዲያልፍበት ያደረጉት ነበር የሚመስለኝ። የቧንቧው መተንፈሻ ነው። ሲረዝም የ«በ» ሁለት እግሮች ይጠጋጋሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳሉ። የልጅቷ ሥራ ያ «በ» የት እንደሚያስፈልግ፣ ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆን፣ ቧንቧው የት ላይ እንደሚታሰርና የት ላይ እንደሚለቀቅ ማስላት ነው።

ይህን በእጅ ማስላት ይቻላል፤ ድሮ እንደዚያ ነበር። አሁን ግን ሲዛር ቱ፣ ኦቶፓይፕ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፕሮግራሙ ቧንቧውን የሚያየው እንደ ዱላ ነው። ነጥቦችን (ኖድ ይሏቸዋል) ትሰጪዋለሽ፣ በነጥብና በነጥብ መካከል ደግሞ ዱላ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ነጥብ በሦስት አቅጣጫ ሊንቀሳቀስ፣ በሦስት አቅጣጫ ሊዞር ይችላል፤ ስድስት ያልታወቁ ቁጥሮች ማለት ነው። 500 ነጥብ ካለ 3000 ያልታወቁ ቁጥሮች። ፕሮግራሙ ይህን በሰከንዶች ይፈታዋል። የማይሠራላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዱላው እውነተኛውን ዕቃ በትክክል ይወክል አይወክል አይነግራችሁም።

የእሷ ጥያቄ የመጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሌሊት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት ስለረበሽኩዎት ይቅርታ። ሶፍትዌሩን እንደማያውቁት አውቃለሁ። ግን ጥያቄዬ የሶፍትዌር አይመስለኝም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሞቂያ የሚመጣ የ220 ዲግሪ ትኩስ ዘይት አለ። ይህ ዘይት ወይ ወደ ሙቀት መለዋወጫው ይገባል፣ ወይ መለዋወጫውን ዘሎ በማለፊያ ቧንቧ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሦስት አፍ ያለው ቫልቭ ነው። ቤታችሁ የሻወር ሚክሰር ካለ ሐሳቡ ይገባችኋል፤ እሱ ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ አለው፣ የእሷ ደግሞ በተቃራኒው አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ። ከቫልቩ ላይ የሚያዞረው ሞተር መሰል ነገር፣ አክቹዌተር፣ ተቀምጧል።

ፕሮግራሙ ውስጥ የቫልቮች ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ መርጣችሁ ስትጫኑ ርዝመቱንና ክብደቱን ራሱ ይሞላል። ዝርዝሩ ግን ሁለት አፍ ላላቸው ነው፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣ። ሦስት አፍ ያለውን ራሷ መሥራት ነበረባት። አጠገቧ ያለው ባልደረባ «ቲ አድርገሽ እለፊው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አላት። ቲ ማለት ተራ ባለ ሦስት አቅጣጫ መገጣጠሚያ ነው። አለቃዋ ደግሞ «ቀን የለንም» አለ። እንዳለባት አደረገች፣ ፕሮግራሙም አሳለፋት። ውስጧ ግን እንቢ አላት።

እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ይህን የማያውቅ ካለ ይወቀው። ስትረስ ኢንጂነር አይደለሁም፣ የማንም ዲዛይን ላይ አልፈርምም። ግን ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ለስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ። «ፕሮግራሙን ዝጊውና ቫልቩን ወረቀት ላይ ሣይልኝ» አልኳት። ሦስት ሌሊት በቴሌግራም ተነጋገርን። እሷ ስክሪኗን እያሳየች፣ እኔ ደብተር ላይ እየሣልኩ ፎቶ እያነሳሁ። መብራት ሲሄድ በስልክ ባትሪ። የፕሮግራሙን መመሪያም አብረን አነበብነው። ያገኘነውን በተራ ልንገራችሁ፤ ዘርፉ ላይ ላላችሁት ይጠቅማል፣ ላልሆናችሁት ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ የት እንደተደበቀ ታዩበታላችሁ።

አንደኛ፣ ቅርጹ። ቫልቭ ከቧንቧ ይልቅ ወፍራምና ግትር ነው፤ ቧንቧው ሲታጠፍ እሱ አይታጠፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ነጥብ ወደ ሦስቱ አፎች ሦስት ግትር ዱላዎች ታወጪያለሽ። ፕሮግራሙ «ሪጂድ» ይላቸዋል። ርዝመታቸው ከአምራቹ ሥዕል ላይ ይወሰዳል፤ ሦስቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የእሷው ሁለቱ 200፣ ሦስተኛው 250 ሚሊ ሜትር ነበር። ሲዛር ቱ ሪጂድ ያላችሁትን ዱላ ግትር የሚያደርገው የቧንቧውን ውፍረት አሥር እጥፍ አድርጎ በመውሰድ ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩና ውፍረቱ በትክክል መግባት አለበት። ቀጭን ቧንቧ ካስገባችሁ «ግትሩ» ዱላም ያን ያህል ግትር አይሆንም።

ተራ ቲ ብትሆንስ? ቲ ከቧንቧ ጋር ተቀራራቢ ውፍረት አለው፣ ስለዚህ ይለጠጣል። ክብደቱም ከቫልቭ በጣም ያነሰ ነው። ከሁሉም በላይ ፕሮግራሙ የሌለ መገጣጠሚያ ላይ ስትረስ ይቆጥርልሻል፣ ያሉትን ሦስት ፍላንጆች ግን አያያቸውም።

ሁለተኛ፣ ክብደቱ። ቫልቩ 120 ኪሎ ነው። ሦስት ዱላ አለ፤ ክብደቱን ለሦስቱ ማካፈል ነው። 40፣ 40፣ 40። ቀላል ነው፣ ግን በየዱላው 120 ብሎ የሚያስገባ ሰው እንዳለ ነገረችኝ፤ ቫልቩ 360 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። «ከበደ እንጂ አልቀለለ፣ ለጥንቃቄ ይሻላል» የሚል ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ነው ደስ ያለኝ። ቧንቧ ሲሞቅ አንዳንዴ ከተቀመጠበት ድጋፍ ላይ ብድግ ይላል። ያኔ ድጋፉ የተሸከመው ነገር የለም፣ ክብደቱ በሙሉ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። የውሸት ክብደት ከጫናችሁበት ግን ቧንቧው ወረቀት ላይ ብድግ አይልም፤ መሬት ላይ ያለው እውነተኛው ቧንቧ ይነሳል። ተጨማሪ ክብደት ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይሆንም። አንዳንዴ መጋረጃ ነው።

ደግሞ በተቃራኒው ክብደቱን ባዶ ብትተዪው፣ ሲዛር ቱ ያንን ዱላ ዕቃ እንዳልሆነ፣ ለሥዕል ብቻ የተቀመጠ እንደሆነ ይቆጥረዋል። ውስጡ ያለውን የዘይት ክብደት እንኳን አይጨምርም።

አምራቹ የክብደቱ ማዕከል ከመሐሉ ነጥብ ወደ ሦስተኛው አፍ 50 ሚሊ ሜትር ወረድ ያለ መሆኑን ጽፏል። እኩል ስናካፍለው 42 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ወደቀ። ሞመንት ሠርተን 36፣ 36፣ 48 ብናደርገው በትክክል 50 ይመጣል። ልጅቷ ስትደሰት ትሰማታላችሁ! እኔ ግን «ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዚህ እንቅልፍሽን አትጪ» አልኳት። ቀጥሎ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ሦስተኛ፣ አክቹዌተሩ። 60 ኪሎ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በጎን ነው የተገጠመው፤ የክብደቱ ማዕከል ከቫልቩ መሐል ግማሽ ሜትር ይርቃል። 60 በ9.8 በ0.5፦ 294 ኒውተን ሜትር። ይህ ቫልቩን ሌት ተቀን ወደ አንድ ጎን የሚጠመዝዝ እጅ ነው። ክብደቱን መሐል ነጥቡ ላይ ብቻ ብትጥዪው ክብደቱ አለ፣ ጠምዛዡ እጅ ግን ጠፋ። ስለዚህ ከመሐሉ ነጥብ እስከ አክቹዌተሩ ማዕከል ክብደት የሌለው ግትር ዱላ ትዘረጊና ክብደቱን ጫፉ ላይ ታስቀምጫለሽ። እሱንም እንደ ተራ ኃይል ካስገባሽው፣ ፕሮግራሙ ወደ ታች የሚገፋ ነገር እንዳለ እንጂ 60 ኪሎ ዕቃ መኖሩን አያውቅም። ለመሬት መንቀጥቀጥ ስታሰዪ አይቆጥረውም። እንደ ክብደት ይግባ። የክብደትና የማስ ልዩነት ስናስተምር «ምን ያደርግልናል» ያላችሁኝ ልጆች፣ ይኸውላችሁ።

አራተኛ፣ ሙቀቱ። የነገሩ ልብ ይህ ነው።

ግትር ማለት የማይረዝም ማለት አይደለም። ሪጂድ ያላችሁት ዱላም ሲሞቅ ይረዝማል፤ የሚቀበለው የሰጣችሁትን ሙቀት ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ አንድ ልማድ አለው፦ አንድ ጊዜ 220 ካላችሁት፣ ሌላ እስክትነግሩት ድረስ የሚቀጥሉትን ዱላዎች ሁሉ 220 እያደረገ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሞዴል ሦስቱም ቅርንጫፎች ትኩስ ነበሩ። ይህ ደግሞ «ከባዱን ሁኔታ ወሰድኩ» ያስብላል። ሁሉም በከፍተኛው ሙቀት ላይ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

«ቫልቩ ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «አንዱን ከፍቶ ሌላውን መዝጋት» አለች። ከዚያ ዝም። ስልኩ ውስጥ ያለው ዝምታ ይሰማኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ «ቲቸር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ትኩስ የሚሆኑት መቼ ነው?» አለች።

ተመልከቱ። ወደ መለዋወጫው የሚሄደው ቧንቧና ማለፊያው ጎን ለጎን ይሄዱና እንደገና ይገናኛሉ። ቫልቩ በአንደኛው ጫፍ አስሯቸዋል፣ መገጣጠሚያው በሌላኛው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። ሁለቱም እኩል ከተራመዱ ቀንበሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንገት አይጎዳም። አንዱ ተራምዶ አንዱ ከቆመ ግን ቀንበሩ ይጣመማል፣ የሚሰቃየው ደግሞ የቆመው ነው። 5 ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ ከ20 ወደ 220 ዲግሪ ሲሄድ 12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ወንድሙ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። ያ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሚሄደው ቫልቩ ፍላንጅ ላይ ነው።

«ሁሉም ትኩስ» ያልነው ሁኔታ እንግዲህ ከሁሉም የዋሁ ነበር። ቧንቧን የሚጎዳው የሙቀቱ ከፍታ ብቻ አይደለም፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ልዩነትም ነው። ስለዚህ ለሦስት አፍ ቫልቭ ቢያንስ ሦስት ሁኔታ ለየብቻ መሠራት አለበት፦ ዘይቱ በመለዋወጫው ሲያልፍ፣ በማለፊያው ሲያልፍ፣ ቫልቩ መሐል ላይ ቆሞ በሁለቱም ሲያልፍ። ከዚያም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ያለው ልዩነት ይሰላል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማርክል የሚባል አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ቧንቧዎችን ወዲያና ወዲህ እያጣጠፈ እስኪሰነጠቁ ሞክሯል። ዛሬ የቧንቧ ሕጎች የሚጠቀሙበት ስሌት መሠረቱ የእሱ ሥራ ነው። ሽቦ ወዲያና ወዲህ አጥፋችሁ ሰብራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እሱ ነው ነገሩ።

ሕጉ ከዚያ የወሰደው አንድ ቁጥር አለ፦ 7000 ዑደት። ከዚያ ካለፈ የሚፈቀደው ስትረስ እየቀነሰ ይሄዳል። በቀን አንድ ጊዜ ለሚሞቅና ለሚቀዘቅዝ ቧንቧ 7000 ማለት 19 ዓመት ነው፤ የፋብሪካ ዕድሜ ማለት ይቻላል። በየሰዓቱ ለሚገለባበጥ ቫልቭስ? 292 ቀን። አንድ ዓመት እንኳን አይሞላም። ማካፈል ብቻ ነው ያስፈለገን።

አምስተኛ፣ ሪፖርቱ። ፕሮግራሙ ሪጂድ ላይ ስትረስ አያሰላም። ቫልቩ ውስጥ ቀይ ቁጥር አይመጣም፣ ሊመጣም አይችልም። ያ ማለት ቫልቩ ደህና ነው ማለት ሳይሆን አልተመረመረም ማለት ነው። ስለዚህ አፎቹ ላይ ያለውን ኃይልና ሞመንት ራስሽ አውጥተሽ ፍላንጁ ያፈሳል ወይ፣ አምራቹ ከፈቀደው በላይ ነው ወይ ብለሽ ማየት አለብሽ። ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ገብቶታል ማለት እንዳልሆነ አስተማሪ ያውቃል።

ሞዴሉን እንደገና ሠራችው። ቀዝቃዛው ቅርንጫፍ ፍላንጅ ላይ ያለው ሞመንት አምራቹ ከፈቀደው አለፈ። ቁጥሩን አልጽፍም፣ የቢሮው ሰነድ ነው። በጣም ነው ያለፈው።

ከዚህ በኋላ ያለው ፊዚክስ አይደለም።

አለቃዋ «ፕሮግራሙ ያሳለፈውን አንቺ ለምን ትጥያለሽ?» አላት። ውሏ የሚያልቀው በዚህ ዓመት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከውሉ ጋር ነው። እናቷን የምትረዳው እሷ ናት፣ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው እሷ ናት። እና ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ ፈርሜ ልለፍ?»

ክፍል ውስጥ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። «እውነትን ያዙ» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ግን የቤት ኪራይዋን የምከፍለው እኔ አይደለሁም። እምቢ በይና ከሥራ ውጪ ልላት አፌ አልደፈረም። ፈርሚ ልላትም አልቻልኩም። ትንሽ አሰብኩና «አንድ ገጽ ሥሪ» አልኳት። «ማንንም አትክሰሺ። ፕሮግራሙ ተሳሳተ አትበይ፣ እገሌ ተሳሳተ አትበይ። ሦስት ሥዕል ሣይ፦ ሁለቱም ትኩስ፣ አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ትኩስ። በየሥዕሉ ሥር አንድ አንድ ቁጥር። አራተኛው መስመር ላይ የአምራቹ ወሰን። ከዚያ ስጪውና ዝም በይ።»

እንደዚያ አደረገች። አለቃዋ ገጹን አይቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ አለችኝ። ከዚያ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ጠራ። አንጋፋው ሰው ሁለተኛውን ሥዕል በጣቱ ነክቶ «ይሄ ነው» አለ፤ ሌላ አልተናገረም። ማለፊያው ላይ ጥብቅ ብሎ የታሰረ አንድ ድጋፍ ነበር፤ በርዝመቱ አቅጣጫ እንዲንሸራተት ተለቀቀ፤ ቧንቧውም አንድ ማጠፊያ ተጨመረለት፣ ለመተንፈሻ። ቁጥሩ ወረደ። ሥራው በአንድ ሳምንት ዘገየ።

አመሰገኗት? የለም። «ጊዜ አባከንሽ» ተባለች። ውሏ ይታደስ አይታደስ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልታወቀም። የተረት መጨረሻ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፣ የለኝም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰኔ 1 ቀን 1974 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ፍሊክስቦሮ በሚባል ቦታ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ፈነዳ። 28 ሰው ሞተ። ቅዳሜ ስለነበር ነው እንጂ በሥራ ቀን ቢሆን ቁጥሩ በጣም ይበልጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በተከታታይ ከተደረደሩ ስድስት ትልልቅ ጋኖች አምስተኛው ተሰነጠቀና አወጡት። አራተኛውንና ስድስተኛውን የሚያገናኝ ጊዜያዊ ማለፊያ ቧንቧ ሠሩ። የጋኖቹ አፍ 28 ኢንች ነበር፣ እጃቸው ላይ ያለው ቧንቧ ግን 20 ኢንች። ጋኖቹ ከፍታቸው ስለሚለያይ ቧንቧው ሁለት ቦታ ተቆልምሞ ተበየደ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ተለጣጭ መገጣጠሚያ ነበር። ግፊቱ ቧንቧውን ቀጥ ብሎ ይችል እንደሆነ አሰሉ። በተቆለመመ ቧንቧ ላይ ግን ግፊት የማጣመም ሞመንት ይፈጥራል። እሱን ማንም አላሰላም። የተደገፈው በመወጣጫ ብረት ነበር። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተገነጠለ።

የዚያ ቧንቧ ሥዕል የት እንደተሣለ ታውቃላችሁ? ወርክሾፑ ወለል ላይ፣ በጠመኔ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጠመኔ ስይዝ አስባለሁ። በጠመኔ መሣሉ አልነበረም ጥፋቱ። እኛም በጠመኔ ነው የምንሥለው። ሥዕሉ ላይ አንድ ቀስት ጎድሎ ነበር፤ የሞመንቷ ቀስት። ሁለት ኃይሎች፣ በመካከላቸው ርቀት፣ ማባዛት። ፈተና ላይ ሦስት ማርክ የምንሰጣት ነገር። በ1974 ኮምፒዩተር እንደ ዛሬው በየጠረጴዛው አልነበረም። ዛሬ ደግሞ አለ፣ ግን ቀስቷን የሚያስገባው አሁንም ሰው ነው። ፕሮግራሙ የጠየቁትን ይመልሳል፤ ያልጠየቁትን አያስታውስም።

እና «የት ይጠቅመናል?» ለምትሉኝ ልጆች፣ የዘንድሮው መልሴ ይኸውላችሁ። ፊዚክስ አንድ ቀን ስክሪን ላይ «አልፏል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ሲመጣና ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲፈልግ፣ «ቆይ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ትኩስ የሚሆኑት መቼ ነው?» ለማለት ይጠቅማል። ያንን ለማለት ዲግሪ ብቻ አይበቃም፣ ዲፕሎማም አይከለክልም። ነገሩ ሥራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ዘርፉ ላይ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፦ መሐል ነጥብ፣ ሦስት ግትር ዱላ፣ የተካፈለ ክብደት፣ የአክቹዌተሩ ክንድ፣ ለየብቻ የተሠራ ሙቀት፣ በእጅ የተመረመረ ፍላንጅ። ከእኔ የተሻለ የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ፤ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩበት፣ ልጆቹ ያነቡታል። ገልፍ ውስጥ በዚህ ሙያ የምትሠሩ፣ የምታውቁት ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች፤ ሥዕል ትሥላለች፣ ቁጥር ታስቀምጣለች፣ ያላመነችበትን አትፈርምም።